ጸጥታው ይጠበቅልን

ስም አልጠራም፤ ሁላችንም እዚሁ አገር ነው የምንኖረው። ማን ማን እንደነበርን ግን አስቀድሜ ልናገር። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የምድርን ውስጥ የሚያጠና ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ ትማር ነበር። ሁለተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ከጎሬ ወዲያ ካለችው ቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎና ቡና ያለማል፣ ንብ ያረባል። ሦስተኛው የእሱ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው። አራተኛውና አምስተኛው ሁለት ሚሊሻዎች ናቸው፤ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ጎልማሳ። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ራሴን መጨረሻ ያደረግኩት ከትሕትና አይደለም። ጥፋተኛ ሲፈለግ ሁሉም ተራ በተራ ተጠርጥሮ መጨረሻ ላይ የተገኘሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ልጆቼን ያሳደግኩት መቱ ላይ፣ ከመንግሥት ቢሮዎች በር ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ከዚያ በኋላ ያወቅኩትን ማንም አላስተማረኝም። የቢሮው ሥራ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲዞር አብረውኝ ይጽፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ጠረጴዛቸውን ሰብስበው ሌላ ሥራ ፈለጉ። ቋንቋውን ከልጅነቴ ጀምሮ እናገረዋለሁ፤ የቸገረኝ ፊደሉ ነበር። የታላቁን ልጄን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ይዤ ቁቤን በሁለት ወር ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ያልገለበጥኩት የደብዳቤ ዓይነት የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ለመኩራራትም ነው፤ ነገሩ የተበላሸውም በዚሁ ኩራት ነው።

ልጄ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ለአንድ ጉዳይ ጎሬ ይዣት ሄጄ ነበር። ኮረብታው ላይ ቆማ ወደ ምዕራብ፣ መሬቱ ዝቅ እያለ ሄዶ ጉም ውስጥ የሚገባበትን አየችና ለምን ወደዚያ በኩል እንደሚወርድ ጠየቀችኝ። ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ሠራው ብዬ ዝም አሰኘኋት። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ለአባት አይገባም ብዬ አስብ ነበር። እሷ ግን ጥያቄውን አልተወችውም፤ ይዛው አደገች፣ ይዛው አዲስ አበባ ገባች።

ጥናቷን ብዙ ጊዜ አስረድታኛለች፤ እንደገባኝ ልጻፈው። ሩቅ አገር መሬት በኃይል ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ በምድር ሆድ አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል። እኛ አንሰማውም፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ ግን ይሰማዋል። እኛ የቆምንበት ድንጋይ የምድር ቅርፊት ይባላል፤ ከሥሩ ሌላ ዓይነት ድንጋይ አለ። ከታች የሚመጣው ንዝረት ከሁለቱ መጋጠሚያ ሲደርስ ከፊሉ ጠባዩን ይለውጥና ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል። በመጀመሪያው ምትና በዘገየው ምት መካከል ያለው ጊዜ ሲለካ ቅርፊቱ ምን ያህል እንደሚወፍር ይታወቃል። በስምጥ ሸለቆው በኩል መሬቱ እየተቀደደ ነው። እኛ ከዚያ ርቀን በምዕራብ አሮጌ ድንጋይ ላይ ነን። የእኛ ወለል እንደ ጥንቱ ወፍራም ሆኖ ቆሟል ወይስ እሱም እየሳሳ ነው? በካርታዋ ላይ ስምጥ ሸለቆው በተለኩ ቦታዎች ነጠብጣብ ተሞልቶ የእኛ በኩል ባዶ ነበር።

ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በቀጠሮ አይመጣም። ስለዚህ መሣሪያው አንድ ቦታ ተቀብሮ ዓመት ሙሉ ማዳመጥ አለበት፤ ቦታውም ከመንገድ፣ ከወፍጮ ቤትና ከሰው ግርግር የራቀ መሆን አለበት። መሣሪያው በውሰት የመጣ ነበር። ያ ዓመት ከከሸፈ ዲግሪዋም አብሮ እንደሚከሽፍ ነገረችኝ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር፤ አላወቅኩም ብዬ ማመካኘት አልችልም።

ቦታውን የሰጠው የባለቤቴ ወንድም ነው። ልጄ ነገሩን በኦሮምኛ ስታስረዳው እኔ ጣልቃ ገብቼ ላስረዳ ሞከርኩ፤ አላስፈለገውም። እሱ ቀፎ ከዛፍ ሳያወርድ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ማሩ የት ድረስ እንደሞላ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ታዲያ ይኸው ነው» አላት። «ፈጣሪ ከታች ያንኳኳል፣ አንቺ ከላይ ጆሮሽን ትሰጫለሽ። ቀፎ ስመታ ልጆች ሲንጫጩ ምንም አልሰማም። ላሞቼን አርቃለሁ፣ እንጨትም በዚያ በኩል አልፈልጥም።»

መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ሰው እኔ ሦስት ጊዜ ተነግሮኝ ያልገባኝን በአንዴ ሲረዳ ትንሽ ተናደድኩ።

በሚያዝያ ከመምህሯና ከአንድ ቴክኒሻን ጋር መጥተው ቀበሩት። እስከ ደረት የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ወለሉ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ መሣሪያው ከላዩ ተቀመጠ። ጉድጓዱ በብረት ክዳን ተከድኖ ተቆለፈና አፈር ተመለሰበት። በስተዳር ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ በእንጨት ላይ ቆመ፣ ዙሪያው ታጠረ። መምህሯ ለቀበሌው የሚሰጥ የአማርኛ ደብዳቤ ይዘው ነበር። የቀበሌው የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ይህ የእኔ ሥራ ነው አልኩና እዚያው ቁጭ ብዬ ተረጎምኩት። ልጄ ላንብበው ብላ እጇን ዘረጋች።

«አንቺ ድንጋይሽን አንብቢ» አልኳት። «ደብዳቤ ለእኔ ተይልኝ።»

ሳቀች፤ እጇንም መለሰች። በዚያ ሳቅ ላይ ስንት ቀን እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የመኪና መንገድ ካለበት ቡሬ እስከ ማሳው ያለው የእግር መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሚሆን ቅጂውን የሚወስድ ሰው እስከ ኅዳር አይመጣም ተባለ። ልጄ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስን።

በግንቦት መጨረሻ የባለቤቴ ወንድም ደወለልኝ። ቀበሌው ሁለት ሚሊሻ መድቦ መሣሪያውን እያስጠበቀ መሆኑን ነገረኝ። ቀን ከሌሊት አጥሩን እንደሚዞሩ፣ ጎልማሳው በቦቲ ጫማው መሬቱን እየረገጠ እንደሚሄድ፣ ሽማግሌው ለሚሞቀው እሳት እዚያው አጠገብ እንጨት እንደሚፈልጥ አጫወተኝ።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ላም እንኳን እንዳላሳልፍ ነው የነገረችኝ» አለ።

«ላም መታወቂያ የላትም» አልኩት። «እነሱ የተላኩት በደብዳቤ ነው። መንግሥት ንብረትህን ሲጠብቅልህ ማመስገን እንጂ ስሞታ ምን ይባላል?»

እንደገና ሊያስረዳኝ ሞከረ። እኔም ሥርዓት ስለማክበር፣ አገር የሚጠፋው ዜጋ ኃላፊነቱን ሲሸሽ ስለመሆኑ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ነገርኩት። ሲሰለቸው እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አልደወለልኝም። የሰውን አፍ እንዲህ ዘግቼ ስምምነት የሚመስለኝ እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ይህን ለብዙ ዓመት ስትነግረኝ ኖራለች።

ለልጄም በስልክ ደስ እያለኝ ነገርኳት፤ ቀበሌው ነገሩን በቁም ነገር ይዞታል፣ አትስጊ አልኳት። ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ አልዘረዘርኩላትም። እሷም አጥሩን አልፎ አልፎ የሚያዩላት መስሏት አመሰገነችኝ።

በመስከረም መጨረሻ ቡሬ ጉዳይ ገጠመኝና እግረ መንገዴን ማሳው ድረስ ወረድኩ። ጠባቂ የሚባል የለም። አጥሩ ተዘግቷል፣ ሳሩ ጤዛ እንደያዘ ነው፣ ከአንድ ወፍ በስተቀር ድምፅ አይሰማም። የባለቤቴን ወንድም ስጠይቅ ሁለቱም ለቀብር ወደ ጎረቤት መንደር መሄዳቸውን፣ ሦስት ቀን እንደሚቆዩም ነገረኝ። እሱ ደስ ያለው ይመስል ነበር፤ እኔ ደሜ ፈላ። ቀጥታ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ለሊቀመንበሩ ስለ አደራ ተናገርኩ። አደራ የበላ ሰው ቤቱ እንደማይቆም፣ እኔ በሰላሳ ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን ከጠረጴዛዬ ሳላስፈቅድ ጠፍቼ እንደማላውቅ ነገርኩት። ሊቀመንበሩ ወጣት፣ ጨዋ ሰው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ሚሊሻዎቹ በየሰዓቱ የዞሩበትን የሚፈርሙበት ደብተር እንዲከፈት አዘዘ። ደብተሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ ቴክኒሻኑ መጥቶ ቅጂውን ወሰደ። በሳምንቱ ልጄ ደወለች። ድምጿ የእሷ አይመስልም።

«አባዬ፣ እዚያ ምንድነው የሚሠራው?»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። መሣሪያው የቀዳው ሁሉ በምት የተሞላ እንደሆነ፣ ምቱም በየሰከንዱ እየተከታተለ ጠንከር ብሎ እንደሚመጣና እየላላ እንደሚርቅ፣ ዞሮ እንደገና እንደሚመጣ ነገረችኝ። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ በየሰዓቱ ሳያዛንፍ ይመጣል አለች። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው ከነወለሉ ወደ አንድ ጎን እንደተጫኑት ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ከሩቅ የመጣው ንዝረት በሙሉ ይዋጣል። ከብት ይሆናል አልኩ። የአጎትሽ ጥፋት ነው አልኩ። መሣሪያው ራሱ አሮጌ ይሆናል አልኩ። በዚያ አንድ ስልክ ጥሪ ውስጥ ሦስት ንጹሓን ከሰስኩ።

በማግሥቱ አውቶቡስ ይዛ መጣች። ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ ቡሬ በሚኒባስ ሄድን፤ የቀረውን በእግራችን። መንገዱን ሙሉ ስለ ሕዝባችን ኃላፊነት ማጣት ስናገር እሷ ቀድማኝ ትራመድ ነበር።

ስንደርስ ሁለቱም ሚሊሻዎች በቦታቸው ነበሩ። በአጥሩ ዙሪያ መሬቱ ተረግጦ እንደ አውድማ ጠንክሯል፤ ሳር የለበትም። በክዳኑ ላይ የተመለሰው አፈር ተጠርጎ ተነስቷል፤ ቁልፉ አለመነካቱ በዓይን እንዲታይ ነው አሉ። ብረቱ መቀመጫ ሆኖ መሐሉ ጠርቶ ያብረቀርቃል። ሽማግሌው እኔን ሲያይ ከብረቱ ላይ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ዝንብ አላሳለፍንም» አለኝ። «ደብተሩን ይዩት። አንዲት ሰዓት አልተዘለለችም።»

ልጄ የተረገጠውን ዙር አየች፣ የጎልማሳውን ቦቲ አየች፣ የተፈለጠውን እንጨት አየች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። ሳቋ አላስደሰተኝም፤ ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ለሽማግሌው በኦሮምኛ በጣም አመሰገነችው። እኔ ብሆን አልችለውም።

ሊቀመንበሩን ማን ጠብቁ እንዳለው ልጠይቅ፣ ስሕተቱንም በወረቀት ላስፈርመው ቆርጬ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መራኋቸው። ስገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ሊቀመንበሩ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ከመሳቢያው ፋይል አወጣ፤ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ሰጣት።

«እንደታዘዝነው ነው የሠራነው» አለ።

ቆማ አነበበች። የአማርኛው ደብዳቤ ከበስተኋላ ተያይዟል። አማርኛው የሚለው፣ መሣሪያው ባለበት ቦታ ጸጥታው ይጠበቅልን ነው። ከላይ ያለው የእኔ ኦሮምኛ ግን ነጌኛ ይላል። ነጌኛ ማለት ሰላምና ደኅንነት ማለት ነው፤ በጥበቃ፣ በሚሊሻ፣ በጠመንጃ የሚጠበቀው ዓይነት ጸጥታ። ዝምታ ማለት አይደለም። ያን ሰሞን በየስብሰባው ጸጥታ፣ በየማስታወቂያው ጸጥታ፣ በየደብዳቤው ጸጥታ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ ነጌኛ እያልኩ ገልብጬዋለሁ፣ ሁልጊዜም ልክ ነበርኩ። በዚያች አንዲት ደብዳቤ ላይ ብቻ ቃሉ የጥንቱን ትርጉም፣ እናት ልጇን ጸጥ በል የምትልበትን ትርጉም ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ሳላየው አለፍኩ።

ልጄ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«አባዬ፣ ይህ ቃል የእርስዎ ነው?»

መውጫ ነበረኝ። አማርኛው ራሱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ጥፋቱ የመምህሯ ነው ማለት እችል ነበር። ሊቀመንበሩም ወደዚያ ሊመራኝ ደብዳቤው ግልጽ አልነበረም ብሎ ጀምሮልኛል። ሚሊሻዎቹ በር ላይ ቆመው ነበር፤ በመስከረም አደራ በላችሁ ብዬ የከሰስኳቸው እነዚያ ሰዎች። ሽማግሌው ደብተሩን በእጁ እንደያዘ ነው።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ላንብበው ብላኝ ከልክያታለሁ። አጎቷም ደውሎ ነግሮኝ ዝም አሰኝቼዋለሁ። እናንተ የተጻፈላችሁን ነው የሠራችሁት።»

ሽማግሌው ነገሩ ገባው። ከዚያ ጎልማሳውን ዞር ብሎ አየው።

«ይኸው!» አለው። «ክረምቱን ሙሉ እንተኛ ስልህ እምቢ ያልከው አንተ ነህ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

አዲስ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን። እኔ ወዲያው ጨል ጄዻ ብለን እንጻፍ አልኩ፤ በኦሮምኛ ጸጥ በሉ ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ሰሞን ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ዝም በሉ የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ቢወጣ ሕዝቡ ምን ይለኛል አለ። እውነቱን ነው። እኔ ሌላ ቃል ፍለጋ ስንገታገት ልጄ ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና ጻፈችው። ከአጥሩ መቶ እርምጃ ውስጥ ሰው አይለፍ። ከብት አይታሰር። እንጨት አይፈለጥ። ክዳኑ ላይ አይቀመጡ። ጠባቂ አያስፈልግም። አንድም ትልቅ ቃል የለበትም። ቃላት እያሳመርኩ በኖርኩበት ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥሩ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ማመን ያናድደኛል፣ ግን እውነት ነው።

መምህሯ መሣሪያውን ለሌላ ዓመት እንዲያቆዩላት ለመነቻቸው፤ ተፈቀደላት። አብረዋት የተማሩት ሲመረቁ እሷ ሌሎች ሰዎች የሚያስተምሩትን ክፍል እየረዳች ቆየች። ከምረቃቸው የላከችልኝን ፎቶ አየሁት፤ እሷ ዳር ላይ ቆማ የሌላ ሰው ልጅ ይዛ ነበር።

አሮጌውን ቅጂም አልጣለችውም። ሰው በሌለበት የተቀዳውን ቀን በቀን እየፈለገች ለየች። ደብዳቤው ቀበሌ ሳይደርስ መጀመሪያ የነበሩት አሥራ ስድስት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ቀን ብቻ አገኘች። በስልክ ስታነብልኝ እኔ የወሩን ቀን ከሰው አፍ ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ሚሊሻዎቹ ሥራ የተዉባቸው ቀናት ናቸው፤ መስቀል፣ ቀብር፣ የአንዱ ልጅ ክርስትና። በመስከረም እኔ ሄጄ አደራ በሉ ያልኩባቸው ሦስት ቀናትም አሉበት፤ ከእነዚያ በአንዱ ሩቅ ባሕር ላይ ከባድ መንቀጥቀጥ ሆኖ ንዝረቱ ከማሳው ሥር ጥርት ብሎ ደርሷል። ከዚያ ዓመት ቅጂ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው አለችኝ። ወፏ ስትጮህ በአጥሩ አጠገብ ቆሜ ስቆጣ የነበርኩበት ቀን ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ለሽማግሌው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ስንጠፋ አይቆጡን አለኝ።

ሁለተኛው ዓመት ተሳካ፤ ልጄ ቁጥሯን አገኘች። ቅርፊታችን ምን ያህል እንደሚወፍር እሷ ስላገኘችው እሷ ትናገረው፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። ጎሬ ላይ የጠየቀችኝን ግን ጠየቅኳት፤ መሬቱ በዚያ በኩል ለምን ይወርዳል?

«ገና አላውቅም፣ አባዬ» አለች። ምንም ሳታፍር።

ወጪውን ስደምረው እንዲህ ይሆናል። ሽማግሌው አንድ ክረምት በዝናብ ቆሞ ያገኘው የወገብ ሕመም ዛሬም አለቀቀውም። ጎልማሳው ቦቲውን ጨርሷል። የባለቤቴ ወንድም ያን የማሳ ጥግ ሁለት ዘመን ሳይዘራው ቀርቷል፤ እኔን ሳያነጋግርም አንድ ፋሲካ አሳልፏል። ልጄ ከዕድሜዋ አንድ ዓመት ከፍላለች። ሰዎች ጠረጴዛዬ ጋ እየቆሙ፣ ጋሼ፣ ጸጥታ ዛሬ ስንት ነው ይሉኛል፤ ይህ የእኔ ድርሻ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ቀን ተቀድቷል። ከዚያ ውስጥ የተጣለው አንድ መቶ ዘጠና አምስት ነው።